ጫማዋን ይዤ የተደበቅኩ ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ኮሮና ዓለሙን ባመሰበት በሁለተኛው ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም መካከል በዋለ አንድ ቅዳሜ፣ እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው። ዛሬም ሰው ስሜን ጮክ ብሎ ሲጠራው ያ ቀን ድቅን ይልብኛል። ባለቤቴ ባገኘችው ሰው ፊት ሁሉ እያጣፈጠች ታወራዋለች። እሷ እንደፈለገች ቀባብታ ከምታስቅብኝ እኔው እውነቱን ብናገር ይሻለኛል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሱቄ አይቮሪ ፓርክ ነው። ቤታችን ደግሞ ቤሪያ፣ ከነዚያ ከተጨናነቁት ፎቆች በአንዱ። ልጄ ሶስና እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ሲደክማት ግን ወደ እንግሊዝኛ ትሸሻለች፣ ከእናቷ ጋር ስትጣላ ደግሞ እናቷ እንዳይገባት በዙሉ ታጉረመርማለች።

ይህች ልጅ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ናት። እንዳትስቁ፤ እኔ ለሁላችሁም ስቄ ጨርሻለሁ። እርግጥ ጆሃንስበርግ በረዶ የሚጋገርባት ከተማ አይደለችም። ከከተማው ወጣ ሲሉ ግን አንድ ኮረብታ አለ፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ብሩሽ ፀጉር የቆመ ነጭ ፕላስቲክ ተነጥፎበታል። ውኃ ይረጩበትና ልጆቹ እግራቸው ላይ ረጅም ጠፍጣፋ ነገር አስረው፣ በተተከሉ ዘንጎች መካከል እየተጠማዘዙ ቁልቁል ይወርዱበታል። ስኪ ይሉታል። በረዶ የሌለበት የበረዶ ሸርተቴ! ወይ ጉድ አልኩ መጀመሪያ ያየሁ ቀን።

እዚያ የወሰዳት ታናሽ ወንድሜ ብርሃኑ ነው። ለሱቁ ዕቃ ሲያመላልስ ኮረብታውን አይቶ፣ ይቺ ልጅ አንድ ቀን ትሳቅ ብሎ ይዟት ሄደ። በዚያው ለመደችው። ማም ሊንዲዌ የምትባል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን በነፃ የምታሠለጥን ሴት አየቻትና፣ ይህቺ ልጅ ፍርሃት የሚባል አልፈጠረባትም፣ ለኔ ተዉልኝ አለች። ብርሃኑም ደስ አለውና ፎርድስበርግ ገበያ ውስጥ፣ ሸሚዝና የስልክ ሽፋን ከሚሸጥበት መደብ ላይ፣ ሌላ ሰው የተጫማውን የስኪ ጫማ አግኝቶ ገዛላት። እዚያ ማን እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። በልኳ ሆነ። ብርሃኑ ይህን እንደ ተአምር ነበር የሚያወራው።

ከዚያ ኮሮና ብርሃኑን ወሰደብን። በቅጡ እንኳ አልተለቀሰለትም። ቀብሩ ላይ የተፈቀደልን ጥቂት ሰው ነበርን፤ እኛም ተራርቀን ቆመን፣ አፋችንን ሸፍነን። ሶስና ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ምግቧን ይዛ ክፍሏ ትገባለች፣ ትምህርቷን በስልክ ትከታተላለች፣ ሲያናግሯት አንገቷን ትነቀንቃለች። ያልተወችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ኮረብታ።

በዚህ አካባቢ ካሉ አገሮች የሚመጡ አማተሮች፣ ማለትም ለፍቅሩ ብለው የሚጫወቱ ልጆች፣ የሚገናኙበት የክረምት ጨዋታ አለ። በዚሁ አገር በደቡብ በኩል፣ እውነተኛ በረዶ በሚጥልበት ተራራ ላይ ነው የሚደረገው። እዚያ ለመሄድ ግን ማጣሪያ ማለፍ ያስፈልጋል። ባለፈው ዓመት ማጣሪያው በኮሮና ምክንያት ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሶስና ከታዳጊዎቹ ዕድሜ ታልፋለች። እንግዲህ ወይ አሁን ነው ወይ በቃ። አጎቴ እውነተኛውን በረዶ ታያለሽ ብሎኛል ትላለች፤ ስለሱ የምትናገረው ይህንኑ ብቻ ነበር። እኔና እናቷም ውድድሩን አናውቀውም፣ ግን የልጃችን ፊት የሚፈታበት ሌላ ቦታ እንደሌለ እናውቃለን።

አሁን ስለ ስሜ ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ስሜ ታደሰ ነው። እዚህ አገር ግን ታደሰ የሚለኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሰፈር ውስጥ ደንበኞቼ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ "ማይ ፍሬንድ" ነው የሚሉኝ። ባለቤቴ ታዴ ትለኛለች። የአገሬ ልጆች ጋሽ ታደሰ ይሉኛል። ታደሰ ብሎ ብቻውን፣ በባዕድ አፍ የሚጠራኝ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ብቻ ነው።

በዚያ ላይ የስደተኛ ወረቀቴ ቀኑ አልፎ ነበር። ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ ቢሮው በኮሮና ምክንያት ተዘግቶ ነው። መንግሥት ለሁሉም ተራዝሟል ብሏል። እሺ፣ ተራዝሟል፤ ይህን መንገድ ላይ ላስቆመህ ፖሊስ አስረዳ እስቲ! አንድ ጊዜ "ታደሰ!" ብለው ወረቀት ለማየት ካሰለፉት ሰው መሀል ጠርተው በመኪና ጭነውኝ ጣቢያ ውያለሁ። አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝም፤ ባለቤቴ መጥታ ስታስረዳ ለቀቁኝ። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከዚያ ወዲህ ስሜ በዚያ አነጋገር ሲጠራ እግሬ እኔን ሳያማክር ይሄዳል።

ለማጣሪያው ከአንድ ልጅ ጋር አንድ ወላጅ ብቻ ነው የሚገባው ተባለ። ባለቤቴ፣ እኔ ቆሜ ማየት አልችልም፣ ልቤ ይቆማል ብላ ቀረች። ጾሙም የእመቤታችን ነውና፣ ልጄ ካለፈች ለእመቤቴ ጥላ አስገባለሁ ብላ ተሳለች። እኔ ደግሞ የተሰጠኝ ሥራ ጫማውን መጠበቅ ነበር። አቅልሎ ያየው እንዳይኖር! የስኪ ጫማ ከባድ ፕላስቲክ ነው፤ ሲበርደው ድርቅ ይልና እግር አላስገባም ይላል። የነሐሴ ጠዋት የጆበርግ ብርድ ደግሞ አጥንት ነው የሚገባው። ስለዚህ ጫማው ውስጥ ሙቅ ውኃ የተሞላ ላስቲክ ከተትን፣ በጋቢዬ ጠቀለልነው፣ ቦርሳ ውስጥ አስገባነው። ስልኳንም እዚያው ጨመረችው። ማም ሊንዲዌ እንደ ሌሎቹ ዕቃ ክፍል አስቀምጪው ብትላት አሻፈረኝ አለች። የአጎቷ ነዋ።

"አባዬ፣ ስጠራ ይዘህልኝ ና። እስከዚያ እንዳይቀዘቅዝብኝ" አለችኝ።

በሩ ላይ ዘበኛው ሙቀታችንን ለካና ስምና ስልክ ቁጥር ጻፉ አለን። ታደሰ ብዬ ጻፍኩ። ቀና ስል ከዘበኛው ጀርባ የከተማ ፖሊስ መኪና ቆሟል። አንዲት ወፍራም ፖሊስ ሰዉ ማስክ ማድረጉንና መራራቁን እየተቆጣጠረች ትንጎራደዳለች። ልቤ ድው አለች። ሶስና አየችኝ፤ አባቷን ታውቃለች። ለማስክ ነው የመጣችው አባዬ፣ ተረጋጋ አለችኝ። እኔም ማስኬን እስከ ዓይኔ ድረስ ሳብኩት።

ቅዳሜ ስለሆነ ጠዋት መብላት ይፈቀዳል፤ ከፎርድስበርግ የገዛሁላትን የድንች ሳምቡሳ በላች። ማም ሊንዲዌ እንቁላል ካልበላሽ ጉልበት አይኖርሽም ብትላት፣ ጾም ነው ብላ መለሰችላት። ከዚያ ልጆቹ ወደ ኮረብታው አናት ወጡ፤ እኛ ወላጆች ታች፣ በገመድ በታጠረ ቦታ ተራርቀን ቆምን። ቦርሳውን ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ። ሙቀቱ ይሰማኛል። ሶስና የሚል ድምፅ ስሰማ በጎን በኩል ባለው ደረጃ ሮጬ መውጣት ነው፤ ይኸው ነው ሥራዬ።

ድምፅ ማጉያው ስም ይጠራል፣ ሌላ ቃል አይጨምርም። አንድ ስም፤ አንድ ልጅ ይወርዳል። ሌላ ስም፤ ሌላ ልጅ ይወርዳል። የሚጠሩትን ስሞች ልብ ብዬ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር። እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በቤተሰብ ስሙ ነው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም፤ የልጅ ሁለተኛ ስሙ የአባቱ ስም ነው። ስለዚህ በዚህ አገር መዝገብ ላይ ልጄ ሶስና ሳትሆን ታደሰ ናት። ትምህርት ቤትም፣ ክሊኒክም፣ ኮረብታውም ላይ። ይህን አላውቅም እንዳልል አውቃለሁ። ግን ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ጆሮም ያው ነው።

"ታደሰ!" አለ ድምፅ ማጉያው።

ደሜ ቀጥ አለ። ያቺ ፖሊስ ወደ እኛ ዞራ ወላጆቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። አለቀልኝ አልኩ። በሩ ላይ የጻፍኩትን ስም አይታ ነው። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩና ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብዬ ወጣሁ። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ አሮጌው የፕላስቲክ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተከምሯል። በጥቅሎቹ መሀል ገባሁና ቁጢጥ አልኩ። ይህን ሁሉ ሽበት ይዤ!

"ታደሰ!" አለ እንደገና።

ወዲያው ስልኬ ነዘረ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ቁጥሬን የጻፍኩት የት ነው? በሩ ላይ! ስልኬን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። እንደውም በብልሃቴ ኮራሁ ልበል? ኮርቻለሁ።

እዚያ ቁጢጥ ብዬ የፈራሁት እስሩን አልነበረም። ታስሬ ወጥቼ አውቃለሁ። የፈራሁት ልጄ ከኮረብታው አናት ላይ ሆና፣ በጓደኞቿ ሁሉ ፊት፣ አባቷ ፖሊስ መኪና ውስጥ ሲገባ እንዳታይ ነው። ያን ካየች በኋላ እንዴት ትወርዳለች? ዓመት ሙሉ የለፋችበት፣ ብርሃኑን አስባ የታገሠችበት ነገር በኔ ወረቀት ሊበላሽ? እንባዬ መጣ። እመቤቴ፣ ልጄ እስክትጠራ ድረስ ብቻ ሸሽጊኝ ብዬ ለመንኩ። አያችሁ የኔን ነገር! ልጄ እየተጠራች እኮ ነው እንዲህ የምለምነው። ጫማውም እቅፌ ውስጥ ነው።

ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ፣ ጮኸ፣ ሰው ከሰው እንደሚቀባበለው ዓይነት ድምፅ አሰማ። ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም።

"አባዬ" አለ። በአማርኛ። ኮረብታው ሁሉ ሰማው።

"አባዬ፣ ፖሊስ አይደለም። የሚጠሩት እኔን ነው። እዚህ ታደሰ ማለት እኔ ነኝ። ጫማዬን ይዘህ ና።"

አልተቆጣችም። ጨለማ የፈራ ሕፃን እንደሚጠራ ሰው ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ቀጥላም፣ "እባክህ፣ የመጨረሻው ጥሪ ነው" አለች።

እንዴት ከዚያ እንደወጣሁ አላውቅም። ጉልበቴን አንዱ ጥቅል ላይ መትቼዋለሁ፣ ቁስሉን ያየሁት ቤት ስገባ ነው። ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ወደ ደረጃው የሚያስገባው ገመድ ጋ ስደርስ ማን ቆማ ብትጠብቀኝ ጥሩ ነው? ያቺው ፖሊስ። እግሬ ተተከለ። እሷም ፊቴን አየች፣ ቦርሳውን አየች። አባትየው አንተ ነህ አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

ገመዱን ብድግ አደረገችልኝ። "ሼሻ ባባ!" አለችኝ፤ ፍጠን አባት ማለቷ ነው።

ደረጃው በተረጨው ውኃ ርሶ ያንሸራትታል። ሁለተኛው እርከን ላይ ተንሸራትቼ በእጄ መሬቱን ተደገፍኩ። ፖሊሷ ከኋላዬ መጥታ የቦርሳውን አንድ ማንጠልጠያ ያዘች፣ እኔ ሌላውን ያዝኩ፣ እያለከለክን አብረን ወጣን። ከሩቅ ላየን ሰው እያሳደደችኝ ነው የሚመስለው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እውነት ነው፤ ስሸሻት የነበረችው ሴት ዕቃዬን ተሸክማልኝ ትሮጣለች።

አናቱ ላይ ሶስና በካልሲዋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ማም ሊንዲዌ ከአስጀማሪው ፊት ቆማ ክንዷን እያወራጨች ትሟገታለች፤ ልጅቷ እዚሁ አለች፣ ጠፋች የሚል ሰው ሕጉን ያሳየኝ ትላለች። ኋላ እንደነገሩኝ ሶስና ከላይ ሆና አይታኛለች። ስሜ ሲጠራ ቦርሳዬን ይዤ ቀስ ብዬ ስሄድ፣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ስታጠፍ። ብትጮህ አይሰማም። ቁጥሬን ሰጥታት ማም ሊንዲዌ ብትደውልልኝ ስልኬን ዘጋሁ፤ ያ የማላውቀው ቁጥር የሷ ነበር። ያኔ ሶስና ለምና ማይኩን ተቀበለች። ለምን እንደሸሸሁ ማንም ሳይነግራት ገብቷታል።

ተንበርክኬ ጋቢውን ፈታሁ። ላስቲኩን አወጣሁ። እግሯ እንደ ብረት ቀዝቅዟል። ጫማው ሙቅ ነበርና እግሯ ሰተት ብሎ ገባ። መቆለፊያውን ዘጋሁ። ብዙ ነገር ልላት ፈልጌ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

"አልቀዘቀዘም" አልኳት።

"አውቃለሁ አባዬ" አለችና ትከሻዬን ተደግፋ ተነሳች።

አስጀማሪው ማም ሊንዲዌን አይቶ፣ ፖሊሷን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ በሉ ትውረድ አለ። ወረደች። ከላይ ሆኖ ማየት ክፉ ነገር ነው፤ የምታየው ጀርባ ብቻ ነው፣ እሱም ይርቃል። መሀል ላይ አንዱን ዘንግ በትከሻዋ ነካችው፣ ተወላገደች፣ አንድ እግሯ ተነሳ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ፖሊሷ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ በዙሉ ትጮሃለች፤ ቆማለች፣ ቆማለች እያለች። ዓይኔን ስገልጥ ታች ደርሳ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታለከልካለች።

ውጤቱ እስኪነገር የነበረውን ጭንቀት አትጠይቁኝ። ሶስና አጠገቤ ተቀምጣ ሌላ ሳምቡሳ ትበላለች፣ ጫማውን አላወለቀችም። ያቺ ጥሪ ላይ የጠፋው ጊዜ ያስቀጣታል፣ ዘንጉን መንካቷ ይጎዳታል እያልኩ ራሴን እበላለሁ። ካላለፈች ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይህን ዕድሜዬን ሙሉ ይዤው ልኖር ነው። እሷ ግን አንድ ጊዜ ዞር ብላ፣ አጎቴ ይህን ቢያይ በሳቅ ይሞት ነበር አለችና ራሷ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። ለዚያ ሳቅ ብዬ ሺህ ጊዜ እደበቅ ነበር።

ያለፉትን ልጆች መጥራት ጀመሩ። አንዱ ተጠራ። ሌላዋ ተጠራች። እየተጠሩ ሄዱና ድምፅ ማጉያው ያበቃ መሰለኝ፤ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ።

"ታደሰ!"

"አቤት!" ብዬ ከተቀመጥኩበት ተፈናጠርኩ። ሳላስበው። እጄንም እንደ ተማሪ ወደ ላይ አንስቻለሁ። ሶስናም ከጎኔ ተነስታለች። ሰዉ ሁሉ አውካካ፣ ማም ሊንዲዌ ማስኳን አውልቃ ዕንባዋን ጠረገች፣ ያቺ ፖሊስ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ሆና፣ ይኸው ተገኘ ብላ ጮኸች። ቢስቁብኝም አላፈርኩም። ከደረቴ ላይ ድንጋይ እንደተነሳልኝ ያህል ነው የቀለለኝ። ተንፍሼ ተንፍሼ አልጠግብ አልኩ።

ስልኬን ከፍቼ ለባለቤቴ ስደውል፣ አልፋለች ከማለቴ እልልታዋ ጆሮዬን በጠሰው። ጥላው በእመቤታችን ስም ገብቷል፤ ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይግባው። ሶስናም ተራራው ድረስ ሄዳ እውነተኛውን በረዶ አይታለች። ከመጨረሻዎቹ አንዷ ሆና ነው የጨረሰችው፤ ማናችንም ግድ አልሰጠንም። በረዶ በላስቲክ ጠርሙስ ይዛልኝ መጣች፣ ቤት ስትደርስ ውኃ ሆኗል። እሷው ናት ወስዳ ብርሃኑ መቃብር ላይ ያፈሰሰችው።

የኔም ወረቀት ቢሮው ሲከፈት ተስተካከለ። ዛሬም ግን ሰው ጮክ ብሎ ስሜን ሲጠራ ልቤ አንዴ ድው ማለቷ አልቀረም። ልማድ ነው፣ ምን ይደረግ። እግሬ ግን እንደ ድሮው ብቻውን አይሄድም። ቆሜ አቤት እላለሁ፤ ከዚያ እኔን ነው ወይስ ልጄን ብዬ እጠይቃለሁ።